የወደቀ ጥድ አመላመል፦ ከጎንደር ደጋ እስከ ላኪሽ ደን



«በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» የሚለውን ተረት የማያውቅ ሽማግሌ በመካከላችን አይገኝም። የሚነገረው ክፉ ቀን በመጣበት ሰው ላይ ሁሉም ሲበረታበት ነው። ተረቱ ግን የወጣው ከእውነተኛ ሥራ ነው። የቆመን ዛፍ የሚገነድሰው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው፤ ከወደቀ በኋላ ግን ቅርንጫፉን የሚመለምል፣ ግንዱን የሚቆራርጥ፣ ጭራሮውን የሚያስር ብዙ እጅ ይፈለጋል። በዚህ ጽሑፍ የምንገልጸው ይህን ሁለተኛውን ሥራ ነው። የወደቀ ጥድ ብዙ ገንዘብ ሳይወጣበት፣ በምሳርና በእጅ መጋዝ ብቻ እንዴት እንደሚመለመል እናያለን።

ርእሱን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የታሪክ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን፣ ከዚያም ወዲህ የመጡት አባቶቻችንና እናቶቻችን ዛሬ በኪርያት ጋት በፎቅ ቤት ይኖራሉ። የልጅ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት «አያትህ በአገሩ ሙያው ምን ነበር?» ተብለው ሲጠየቁ «ገበሬ» ብለው ያልፋሉ። በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ግን ዛፍ ቆራጭም፣ አናጢም፣ ቤት ሠሪም፣ ቀጥቃጭም አለ። ሁለተኛው ምክንያት የደኅንነት ጉዳይ ነው። በክረምት ነፋስ ጥድ ሲወድቅ ሥርዐቱን ያልተማረ ወጣት የሞተር መጋዝ ተውሶ ይነሣል፤ ሥርዐቱን የሚያውቀው ሽማግሌ ደግሞ በመስኮት ሆኖ ያያል። እነዚህ ሁለቱ እንዲገናኙ እንፈልጋለን።

ስለ ቃሉና ስለ ዛፎቹ

በአማርኛ ቅርንጫፍን ከግንድ ላይ ጠርጎ ማንሣት «መመልመል» ይባላል። በእጅ ጎትቶ መገንጠል ግን «መዘንጠፍ» ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የተዘነጠፈ ቅርንጫፍ የግንዱን ቅርፊትና ሥጋ ይዞ ይሄዳል፤ የተመለመለ ግንድ ግን ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። «ምልምል ወታደር» የምንለውም ከዚሁ ቃል ነው፤ ከብዙው መካከል የማይፈለገው ተጠርጎ የሚፈለገው ተመርጦ ቀረ ማለት ነው።

በኢትዮጵያ የተፈጥሮ ደን ውስጥ ከጥድ ወገን የሚቆጠሩት አገር በቀል ዛፎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ጥድና ዝግባ ናቸው። «የፈረንጅ ጥድ» የምንለው ኋላ የገባ ነው፤ የትውልድ አገሩም ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። የአገራችን ጥድ ውስጡ ቀይ፣ ሽታው መልካም፣ ምስጥ በቀላሉ የማይደፍረው ስለሆነ ለቤት ቋሚና ለአጥር ተመራጭ ነበር። በውጭው ዓለም እርሳስ የሚሠራበት እንጨት በመሆኑም ይታወቃል። ዝግባ ደግሞ ግንዱ ቀጥ ያለና ወፍራም ስለሆነ ለሳንቃና ለጣውላ ይፈለጋል።

እዚህ ላይ ለልጆቻችን የምንነግረው አንድ ነገር አለ። በመጽሐፈ ነገሥት ንጉሥ ሰሎሞን ለቤተ መቅደሱ ሥራ ከጢሮስ ንጉሥ ከኪራም እንጨት እንደጠየቀ ተጽፏል። ሰሎሞን ሠላሳ ሺህ ሰው መድቦ አሥር አሥር ሺውን በየወሩ እያፈራረቀ ወደ ሊባኖስ ይልክ ነበር፤ አንድ ወር በሥራ፣ ሁለት ወር በቤታቸው። ግንዱም በባሕር ላይ ታስሮ እየተንሳፈፈ መጣ። በዕብራይስጡ ዛፎቹ «ኤሬዝ»ና «ብሮሽ» ይባላሉ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን የመጀመሪያውን «ዝግባ»፣ ሁለተኛውን «ጥድ» ብሎ ተርጉሞታል። የተክል አዋቂዎች የሊባኖሱ ኤሬዝና የእኛ ዝግባ የተለያዩ ዛፎች ናቸው ይላሉ፤ ልክ ነው። ነገር ግን አማርኛውን ያነበበ ሰው ቤተ መቅደሱን በዓይነ ኅሊናው የሠራው በሰፈሩ በሚያውቃቸው ዛፎች ነበር።

በዚህ አገር በብዛት የምናገኘው «ኦረን ይሩሻላይም» ነው፤ በሌላው ዓለም የሐለብ ጥድ ይሉታል። ቀረን ቀየሜት በ1950ዎቹ ደን ሲያስተክል ብዙውን ሥራ የሠሩት በዚያ ዘመን የመጡ ስደተኞች ነበሩ፤ በብዛት የተተከለውም ይኸው ጥድ ነው። በከተማችን አቅራቢያ ያለው የመላእክት ደን (ያዓር ሃመላኺም) እና ከ1964 ጀምሮ በኔጌቭ ዳርቻ የተተከለው የያቲር ደን ለዚህ ምሳሌ ናቸው። የኦረን ጠባይ ከአገራችን ጥድ ይለያል። ቅርንጫፎቹ ግንዱን እንደ ቀለበት ከበው በየአንጓው ይወጣሉ፤ በአንጓና በአንጓ መካከል ግንዱ ባዶ ነው። የታችኞቹ ቅርንጫፎች ከደረቁም በኋላ ለብዙ ዓመት ሳይወድቁ ይቆያሉ፤ ሥራቸውም ሙጫ ጠጥቶ እንደ ቀንድ ይጠነክራል። መልማይ ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

ስለ ምሳሩና ስለ ሠሪው

በጎንደር፣ በወገራ፣ በደምቢያና በስሜን ብረት ቀጥቃጮቹ በአብዛኛው የቤተ እስራኤል ልጆች ነበሩ። ወገናችን የርስት መሬት ተከልክሎ በሰው መሬት ሲያርስ፣ ኑሮውን የደገፈው በእጅ ሙያው ነው። ወንዱ በወናፍ እሳት እያነደደ ማረሻ፣ ማጭድና ምሳር ይቀጠቅጣል፤ ሴቲቱ ሸክላ ትሠራለች። ጎረቤት ያንን ምሳር እህል ሰጥቶ ይወስድና ጥዱን ይቆርጥበታል፤ ማታ ግን ሠሪውን «ቡዳ» ብሎ ይፈራዋል፣ ይሰድበዋል። የብዙዎቻችን ሽማግሌዎች ይህን ሙያ ለልጆቻቸው ያልነገሩት ከዚህ ስድብ የተነሣ ነው። ዛሬ ግን ያፈርንበት ነገር የምንኮራበት መሆኑን መናገር አለብን፤ በእኛ ወገን እጅ የተሠራ ምሳር ባይኖር ኖሮ በዚያ አገር ብዙ ቤት ባልቆመ ነበር።

በዕብራይስጥ መጥረቢያ «ጋርዜን»፣ መጋዝ «ማሶር» ይባላል። የእኛ ምሳርና የእነርሱ ማሶር በድምፅ እንደ እኅትና ወንድም ይቀራረባሉ። አዲስ ቋንቋ ለሚማር ሽማግሌ ይህች ትንሽ መያዣ ናት።

ምሳር ሦስት ነገር ይፈልጋል። መጀመሪያ ስለት ነው። ሞረድና የመሳያ ድንጋይ ይበቃዋል። የደነዘዘ ምሳር ከሳለው ይልቅ አደገኛ ነው፤ እንጨቱን ሳይበላ ተንሸራቶ ወደ እግር ይመጣልና። ሁለተኛ ክብደቱ ነው። ዛፍ ለመጣል የሚያገለግል ከባድ ምሳር ለመመልመል አይመችም፤ ብረቱ 1 ኪሎ ገደማ የሆነ ይሻላል፣ ቀኑን ሙሉ ይነሣልና። ሦስተኛ ዛቢያው ነው። በአገራችን ወይራ ይመረጥ ነበር፤ ወይራ በዚህ አገርም አልጠፋም።

ዛቢያው ሲላላ ብዙ ሰው ምሳሩን ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። እንጨቱ ስለሚያብጥ ለአንድ ቀን ያጠብቃል፤ ሲደርቅ ግን ከቀድሞው ይልቅ ይላላል። በዚህ አገር የሻራቭ ሙቀት ይህ ቶሎ ይሆናል። መድኃኒቱ ከደረቅ ጠንካራ እንጨት ሽብልቅ ጠርቦ በዛቢያው ራስ ላይ መምታት ነው። ኦሪት ዘዳግም ከባልንጀራው ጋር ዱር ገብቶ እንጨት ሲቆርጥ ብረቱ ከዛቢያው ወልቆ ባልንጀራውን ስለገደለበት ሰው ይናገራል፤ ለእንዲህ ያለውም ሰው የመማፀኛ ከተማ ተሠርቶለታል። በዚያ ስፍራ ሕጉ ምሳሌ አድርጎ የመረጠው ይህን አደጋ ነው። እንግዲህ ሥራ ከመጀመር በፊት ዛቢያን መፈተን ሕይወትን ማክበር ነው።

ምሳር ለሌለውም ሰው ሥራው አይቆምም፤ መዋስ ይቻላል። በነቢዩ ኤልሳዕ ዘመን የነቢያት ልጆች በዮርዳኖስ ዳር እንጨት ሲቆርጡ ብረቱ ውኃ ውስጥ ገባ፤ ቆራጩም የጮኸው የተዋሰው ስለነበረ ነው። የተዋስነውን ስለን መመለስ የአባቶቻችን ደንብ ነው።

የአመላመሉ ሥርዐት

አንደኛ፣ ምሳር ከማንሣት በፊት ግንዱን ዞሮ ማየት ነው። ግንዱ በምን ላይ ተኝቷል? የትኛው ቅርንጫፍ ተሸክሞታል? ቦታው ተዳፋት ከሆነ ሠራተኛው ከላይ በኩል ይቆማል እንጂ ከታች አይቆምም፤ ግንዱ ከተንከባለለ የሚሄደው ወደ ታች ነውና። በግንዱ ሥር ድንጋይ ወይም ሽብልቅ መወተፍ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ሥራው የሚጀመረው ከጉቶው በኩል ነው፤ ከዚያ ወደ ጫፉ ይኬዳል። ቅርንጫፍ ወደ ጫፉ ዘንበል ብሎ ስለሚያድግ ከግንዱ ጋር ሁለት ማዕዘን ይፈጥራል። በጫፉ በኩል ያለው ጠባቡ እንደ ብብት ነው፤ በጉቶው በኩል ያለው ሰፊ ነው። ምሳር የሚያርፈው በሰፊው በኩል ነው። በብብቱ በኩል የመታ ሰው ምሳሩ ይነከስበታል፤ ወይም እንጨቱ ወደ ግንዱ ሥጋ ይሰነጠቅና ምሰሶ ሊሆን የነበረው ማገዶ ይሆናል። የሙያው ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ግንዱ በእግርና በምሳር መካከል ጋሻ ይሁን። በወዲያ ማዶ ያለውን ቅርንጫፍ በወዲህ ቆመን እንመታለን፤ የወዲህኛውን ለመምታት ደግሞ ወዲያ እንሻገራለን። ምሳሩ ቢስት ግንዱን ይመታል እንጂ ቅልጥምን አያገኝም። መሻገሩ ጊዜ የሚያባክን ለሚመስለው ሰው መልሳችን፣ ከቁስል ይሻላል ነው። ግንዱ ላይ ወጥቶ እየተራመዱ መመልመል ፈጽሞ አይገባም።

አራተኛ፣ የደረቁትን ቅርንጫፎች በስለቱ አንመታም። ሙጫ የጠጣ የኦረን አንጓ ስለትን ይሸርፋል። ቀጫጭኑን ደረቅ በምሳሩ ጀርባ ወይም በከባድ ዱላ አጥብቆ ሲመቱት ከሥሩ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ይህ ምንም ወጪ የሌለው ዘዴ ነው፤ የዓይን መከላከያ መነጽር ግን ይፈልጋል፣ ስባሪው ይፈናጠራልና።

አምስተኛ፣ ከክንድ የወፈረውን ቅርንጫፍ በመጋዝ መቁረጥ ይሻላል። ባለ ቀስት የእጅ መጋዝ ነዳጅ አይጠይቅም። መጋዝ እንዳይነከስ ደንቡ አንድ ነው፤ ቅርንጫፉ ወደ የት እንደታጠፈ ማየት ነው። የታጠፈ እንጨት በውስጡ በኩል ይጨመቃል፤ በውጩ በኩል ይወጠራል። መጀመሪያ በተጨመቀው በኩል ጥቂት ገባ አድርጎ መጋዝ፣ ቀጥሎ በተወጠረው በኩል መጨረስ ነው። በአየር ላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ በራሱ ክብደት ወደ ታች ስለሚታጠፍ በመጀመሪያ ከሥሩ፣ ከዚያ ከላይ ይቆረጣል። ጥርሱን ሙጫ ሲይዘው ዘይት በነካ ጨርቅ ማበስ ይበቃል።

ስድስተኛ፣ ግንዱን የተሸከሙት የሥረኛ ቅርንጫፎች ለመጨረሻ ይቀራሉ። እነርሱ እንደ ተወጠረ ቀስት ናቸው፤ በድንገት ሲለቀቁ ሰው ይመታሉ፣ ግንዱም ይገለበጣል። የላዩና የጎኑ ካለቀ በኋላ ግንዱን በመፈንቅል አዙሮ፣ ጸንቶ መተኛቱን አይቶ፣ የቀሩትን መመልመል ነው። በዚህ ጊዜ ረዳት ከግንዱ ማዶ መቆም የለበትም።

ሰባተኛ፣ ግንዱ ለምሰሶ ወይም ለአጥር የሚፈለግ ከሆነ ቅሪቱ ከግንዱ እኩል ይጠረባል። ጣት ያህል ቅሪት የቀረበት ግንድ በመጫኛ ታስሮ ሲጎተት መሬቱን ይቧጥጣል፣ ትከሻንም ያቆስላል። ለማገዶ ከሆነ ግን በዚህ መድከም አያስፈልግም።

ስምንተኛ፣ ለአንድ ግንድ አንድ ምሳር። ተረቱ ምሳር ይበዛበታል ቢልም በሥራ ላይ እንዲህ አይደለም። አንዱ ይመለምላል፤ ሌላው ቢያንስ 5 ሜትር ርቆ ጭራሮውን ይሰበስባል፤ ከዚያ ይፈራረቃሉ። የደከመ ክንድ ምሳርን አያዝዝም።

የሞተር መጋዝስ? ሥራን ያፋጥናል፤ ዋጋውም አደጋውም ግን ከፍ ያለ ነው። የመጋዙ አፍንጫ ሌላ ቅርንጫፍ ሲነካ ወደ ሠራተኛው ፊት ወደ ኋላ ይፈናጠራል፤ ምልመላ ደግሞ ቅርንጫፍ የበዛበት ሥራ ነው። ስለዚህ ሥልጠናና የመከላከያ ልብስ የሌለው ሰው በእጅ መሣሪያ ቢሠራ ይመረጣል።

ጭራሮው የት ይሄዳል?

በአገራችን ከተመለመለ ዛፍ የሚጣል ነገር አልነበረም። ግንዱ ለምሰሶ፣ ቀጥ ያለው ቅርንጫፍ ለወራጅና ለማገር፣ አጭሩ ለችካል ይሆናል። ጭራሮው የሴቶች ድርሻ ነበር፤ እንጀራ ይጋገርበታል፣ ሸክላም ይተኮስበታል። በጎንደር አጠገብ የወለቃ እናቶች ሸክላ ስሙ የወጣው በዚህ እሳት ነው። እንጨቱ ግን ከሰንበት በፊት ተቆርጦ፣ ተሸክሞ፣ ተፈልጦ ያልቃል። በምድረ በዳ በሰንበት ቀን እንጨት ስለለቀመው ሰው በኦሪት ዘኍልቍ የተጻፈውን ቄሶቻችን አጥብቀው ያስተምሩ ነበር።

በዚህ አገር ግን ሁኔታው ሌላ ነው። የተቆለለ የኦረን ጭራሮ በበጋ እንደ ባሩድ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 በካርሜል ደን የተነሣው እሳት 44 ሰዎችን ገድሏል። በግንዱ ላይ የሚቀሩ የታችኛው ክፍል ደረቅ ቅርንጫፎች እሳቱን እንደ መሰላል ከሣር ወደ ዛፉ ጫፍ ያወጡታል። ሌላም ጠላት አለ፤ ትኩስ በተቆረጠ ኦረን ውስጥ የቅርፊት ጥንዚዛ ይራባና ወደ ቆሙት ዛፎች ይሻገራል። በአገራችን አንዳንድ ቆራጭ ቅጠሉ የግንዱን ውኃ መጥጦ እንዲያቀልለት ዛፉን ሳይመለምል ለጥቂት ሳምንት ይተወው ነበር፤ እዚህ ግን በሙቀቱ ወራት ይህን ማድረግ አይመከርም። የወደቀውን ቶሎ መልምሎ፣ ጭራሮውን ከቤትና ከዛፍ አርቆ ማስወገድ ይሻላል። ከመሬት የበቀለና የተቆረጠ ስለሆነም የኦረን ቅርንጫፍ ለሱካ ጣሪያ ይሆናል፤ የወደቀው በመስከረም ወይም በጥቅምት ከሆነ በዓሉ ራሱ ተቀባይ አለው።

ሕጉንም ማስታወስ ይገባል። በዚህ አገር ዛፍ መቁረጥ ከእንግሊዝ ዘመን ጀምሮ በ1926 በወጣው የደን ደንብ የተገደበ ነው። በግቢያችን የቆመውን ዛፍ እንኳ ያለ ፈቃድ አንጥልም፤ ከደን ውስጥም የወደቀ ነው ብለን እንጨት አንወስድም። የሚመለከተውን ክፍል መጠየቅ ይቀድማል። ኦሪትም ከተማ በሚከበብበት በጦርነት ጊዜ እንኳ የሚበላ ፍሬ ያለውን ዛፍ እንዳይቆርጡ ይከለክላል፤ በሰላም ጊዜማ ምን ያህል መጠንቀቅ ይገባን ይሆን?

ለወጣቶችና ለተመራማሪዎች

ስለ ቤተ እስራኤል የሚጽፉ ሊቃውንት ስለ ጸሎታችንና ስለ በዓላችን ብዙ ጽፈዋል፤ መልካም አድርገዋል። ስለ እጅ ሙያችን የተጻፈው ግን ያነሰ ነው፤ የሚያውቁትም ሽማግሌዎች በየዓመቱ እየተለዩን ነው። መመልመል፣ መዘንጠፍ፣ ዛቢያ፣ ሽብልቅ፣ መፈንቅል፣ ወናፍ የሚሉት ቃላት ከእነርሱ ጋር እንዳይቀበሩ እንሰጋለን። በወገራ አንድ ስም ያለው መሣሪያ በስሜን ሌላ ስም ሊኖረው ይችላልና ሁሉም ከነአገሩ ቢመዘገብ ይጠቅማል። በትግርኛ የሚናገሩ ወገኖቻችንም የራሳቸውን እንዲያክሉበት እንለምናለን።

ልጆቻችን ሆይ፣ ጥያቄውን «በአገር ቤት ምን ትሠሩ ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሽማግሌ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ «ምን ሥራ ነበረን ብለህ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ይልቁንም በቡና ሰዓት አንዲት ቅርንጫፍ ያላት በትር በእጃችሁ ይዛችሁ ቅረቡና «አባባ፣ ይህችን የሚመቷት በየት በኩል ነው?» በሉ። በትሩን ተቀብለው ሰፊውን በኩል በጣታቸው ሲያሳዩአችሁ፣ የሚናገሩትን ጻፉ።